አዲስ ሥራ ወደ የትኛው ፕሮሰሰር ይሂድ?

ሩዝ በሚገባበት ወራት ወረታ ከተማን ያየ ሰው የመፈተጊያ ቤቶቹን ግርግር አይረሳውም። ከፎገራ ሜዳ፣ ከርብና ከጉማራ ዳርቻ ሩዙ በአህያና በጋሪ ተጭኖ ይመጣል። አንዱ መፈተጊያ በር ላይ ወረፋው እስከ መንገድ ይደርሳል፤ ራቅ ብሎ ያለው ሌላው መፈተጊያ ግን ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ታዲያ ገበሬው ምን ያድርግ? እዚሁ ይጠብቅ ወይስ ወደዚያኛው ይንዳ? እንግዲህ ይህችው ጥያቄ በኮምፒዩተራችን ሆድ ውስጥም በየሴኮንዱ ደጋግማ ትነሣለች።

ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በፊት አንድ ተራ ኮምፒዩተር አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ስለ ነበረው ጥያቄው «ቀጥሎ ተራው የማን ነው?» የሚል ብቻ ነበር። ዛሬ ግን በጠረጴዛችን ላይ ያለው ማሽን አራት፣ ስድስት ወይም ስምንት ኮር ይይዛል። ኮር ማለት ራሱን ችሎ የሚሠራ ፕሮሰሰር ነው። በመከናወን ላይ ያለ ፕሮግራም ደግሞ ፕሮሰስ ይባላል። ስለዚህ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሁለት ነገር ይወስናል፤ አንደኛው ተራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቦታ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ሁለተኛው ነው። ለምሳሌ የምንወስደው ሊኑክስን ነው፤ አሠራሩ ለሁሉም ግልጽ ስለ ሆነ ለመማሪያ ይመቻል። ሊኑክስን ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሲሆን፣ ብዙ ፕሮሰሰር ባለው ማሽን ላይ መሥራት የቻለው በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣው በ2.0 እትሙ ነው።

«ይሄማ ምን ያስቸግራል፣ ባዶ ወደ ሆነው ኮር መላክ ነው!» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። እያንዳንዱ ኮር አጠገቡ ካሽ የተባለ ትንሽና ፈጣን ማስታወሻ አለው። ከካሽ መረጃ ማንሣት አንድ ወይም ጥቂት ናኖ ሴኮንድ ሲወስድ፣ ከዋናው ማስታወሻ ማምጣት ግን ወደ መቶ ናኖ ሴኮንድ ሊደርስ ይችላል። አንድ ሥራ በአንድ ኮር ላይ ከቆየ መረጃው እዚያው ካሽ ውስጥ ይከማቻል። ወደ ሌላ ኮር ሲዛወር ያንን ሁሉ እንደገና ማምጣት ግድ ነው። ጆንያውን አራግፎ፣ ሸራውን ዘርግቶ፣ መፈተግ የጀመረን ገበሬ «ተነሥና ወደዚያኛው ሂድ» እንደ ማለት ነው። ባዶ መፈተጊያ ማግኘቱ ጥቅም ነው፤ ጓዝ ማንሣቱ ደግሞ ኪሳራ ነው። ሁለቱን ማመዛዘን የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሥራ ነው።

ሊኑክስ ስለ ቦታ የሚያስብባቸው ሦስት ዋና ዋና ጊዜያት አሉ።

አንደኛው ልደት ነው። አንድ ፕሮሰስ የራሱን ቅጂ ሲፈጥር «ፎርክ» ይባላል። ልጁ በመጀመሪያ የወላጁን መረጃ ስለሚጋራ ከወላጁ አጠገብ ቢቀመጥ ካሹ ይጠቅመዋል።

ሁለተኛው ልጁ አዲስ ፕሮግራም የሚጭንበት ጊዜ ሲሆን «ኤግዜክ» ይባላል። በዚህ ቅጽበት የድሮው መረጃ ይጣላል፤ አዲሱም ገና አልተከማቸም። ማለትም ሩዙ ገና ከአህያው ጀርባ አልወረደም። ስለዚህ ራቅ ወዳለ ባዶ ኮር ለመላክ ከዚህ የረከሰ ጊዜ የለም። በፎርክም ሆነ በኤግዜክ ሊኑክስ መጀመሪያ ሥራ ያልበዛበትን የኮሮች ቡድን ይፈልጋል፤ ከዚያም በቡድኑ ውስጥ ሥራ ያነሰበትን ኮር ይመርጣል።

ሦስተኛው መንቃት ነው። ከዲስክ ወይም ከኔትወርክ መረጃ ሲጠብቅ የተኛ ሥራ ሲነቃ፣ ቀድሞ ወደ ነበረበት ኮር ወይም ወደ ቀስቃሹ ኮር እንዲጠጋ ይደረጋል። ካሽ የሚጋራ ባዶ ጎረቤት ከተገኘም ወደዚያ ይላካል።

ይህ ሚዛን መሳቱ አይቀርም። በ2016 እ.ኤ.አ. አንድ የተመራማሪዎች ቡድን 64 ኮር ባለው ማሽን ላይ ሊኑክስን መርምሮ፣ አንዳንድ ኮሮች ሥራ ፈትተው ሳለ ሥራዎች በሌሎች ኮሮች በር ላይ እንደሚሰለፉ አሳየ። ከምክንያቶቹ አንዱ የነቃን ሥራ ካሹ እንዳይቀርበት ተብሎ በሥራ በተጨናነቀው ሠፈር ማስቀመጥ ነበር። በአንድ የመረጃ ቋት መለኪያ ላይ በዚህ ዓይነት ጉድለት የጠፋው ሥራ ከ14 እስከ 23 በመቶ ደረሰ። ማሽኑ አላረጀም፤ ድልድሉ ነው የተበላሸው።

ታዲያ እኛ ምን ማስተካከል እንችላለን? አንዱ መንገድ «ታስክሴት» የተባለው ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ አንድን ሥራ በተመረጡ ኮሮች ላይ ብቻ ያስረዋል፤ ከሥራው የሚወለዱ ልጆችም እስሩን ይወርሳሉ። ሌላው መንገድ የማዛወሪያ ዋጋ የሚባለው ቁጥር ሲሆን፣ የተለመደው መጠኑ ግማሽ ሚሊ ሴኮንድ ነው። ሥራው ከዚህ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እዚያው ኮር ላይ ሲሠራ ከነበረ፣ ካሹ ገና ትኩስ ነው ተብሎ ማዛወሩ ይታሰብበታል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ሥራዎች ባሉበት ይረጋሉ፤ ዝቅ ሲል ይንቀሳቀሳሉ። ይሁን እንጂ ቁጥሩን እንዲሁ መነካካት አይገባም፤ ለአንዱ ሥራ የሚበጀው ሌላውን ይጎዳልና።

ለማመን የፈለገ በሙከራ ክፍል ይሞክረው። አራት ኮር ባለው ማሽን ላይ አራት ተመሳሳይ ከባድ ስሌቶችን ባንድ ጊዜ አስጀምሩና ሰዓቱን መዝግቡ። ቀጥሎ አራቱንም በታስክሴት በአንዱ ኮር ላይ አስራችሁ ድገሙት። ጊዜው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ማሽኑ ያው ነው፤ የተለወጠው ቦታ ብቻ ነው። ለክፍል ማስተማሪያም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። እጩ መምህሩ ነገ በሚመደብበት ትምህርት ቤት ስለ ኮምፒዩተር የሚጠየቀው ሰው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። «ማሽኖቹ ዘገሙ፣ አዲስ ይገዛ ወይ?» ሲባል መልሱን የሚሰጠው እሱ ነው። በችኮላ «አርጅተዋል» ካለ፣ ለመማሪያ መጽሐፍ ይውል የነበረው ገንዘብ ለማሽን ይወጣል። ይልቅስ አስቀድሞ ስንት ኮር እንዳለ ይቁጠር፤ የትኛው እንደሚሠራ፣ የትኛው ሥራ እንደ ፈታ ይይ፤ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ይለካ፤ ካልተሻለም ወደ ነበረበት ይመልሰው። አንዱ መፈተጊያ ሥራ ፈትቶ ቆሞ ሌላ ይተከልልን ማለት ፎገራም ውስጥ ቢሆን የሚያስቅ ነገር ነው።