የአንቀጽ ሥርዓት

የቀድሞ ጸሐፍት በብራና ላይ ሲጽፉ ለባዶ ስፍራ የሚተርፍ ብራና አልነበራቸውም። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆና ለስልሶ ለጽሕፈት እስኪበቃ ድረስ የሚጠይቀው ድካም ብዙ ስለ ነበረ፣ ጸሐፊው ገጹን በዓምድ ከፍሎ፣ ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ እየለየ፣ ከዳር እስከ ዳር ይሞላው ነበር። ይሁን እንጂ ነገሩን ያለ መለያ አልተወውም፤ አዲስ ምንባብ የሚጀምርበትን መሥመር በቀይ ቀለም ይጽፋል፣ የመጽሐፉን ራስ በሐረግ ያስጌጣል፣ ነገሩ በተፈጸመበትም ላይ ነጥቦችን ደርድሮ የፍጻሜ ምልክት ያኖራል። አንባቢ ማረፊያ እንደሚያስፈልገው ሊቃውንቱ ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር ማለት ነው። የማተሚያ መኪና በአገራችን ከተስፋፋ፣ በተለይም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ ቀዩ ቀለም ይሠራው የነበረውን ሥራ ገባ ብሎ የሚጀምረው መሥመር እየተረከበው መጣ።

ነገር ግን መሥመርን ገባ አድርጎ መጀመር ብቻውን አንቀጽን አንቀጽ አያሰኘውም። አንቀጽ የሚባለው አንድ ሐሳብ ተነሥቶ፣ ተብራርቶና በማስረጃ ጸንቶ የሚፈጸምበት የጽሑፍ ክፍል ነው። ይህ ሥርዓት ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም፤ በትርጓሜ ቤት መምህሩ አስቀድመው ንባቡን ያሰማሉ፣ ቀጥለው ትርጓሜውን ይሰጣሉ፣ ከዚያም ሐተታውን፣ ታሪኩንና ከመጻሕፍት የተገኘውን ምስክር ያስከትላሉ። ደቀ መዝሙሩ የሚሰማው ታሪክ የትኛውን ንባብ ለማስረዳት እንደ መጣ ስለሚያውቅ፣ ሐተታው ቢረዝምም አይጠፋበትም።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ይህን ሥርዓት ይልቁን ሊጠብቀው የሚገባው ከቋንቋው ጠባይ የተነሣ ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ ግሡን እስከ መጨረሻ ስለሚያቆየው፣ አንባቢ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ ጊዜውን፣ ቦታውንና ምክንያቱን ሁሉ ተሸክሞ ግሡ እስኪደርስለት ይጠብቃል። ይህ መጠበቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ለነገሩ ግርማ ይሰጠዋል፤ አንቀጹም በሞላ እንዲሁ የሚያስጠብቅ ሲሆን ግን አንባቢውን ያደክመዋል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ምስጢሩን በመጨረሻ የሚገልጥ ከሆነ፣ አንቀጹ በመጀመሪያ ሊገልጠው ይገባል። የመክፈቻው ዓረፍተ ነገር አጭር ሆኖ፣ ግሡም ሳይዘገይ ደርሶ፣ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ካስታወቀ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ዓረፍተ ነገሮች ቢረዝሙም አያስቸግሩም።

ለምሳሌ አንድ ጀማሪ ስለ ጣና ሐይቅ እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦ «ጣና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች በስፋት ይበልጣል። ዐባይ ከእርሱ ይወጣል። በደሴቶቹ ላይ ገዳማት አሉ። ዓሣም ይጠመድበታል። በዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት ዐፅም ይገኛል። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው።» ከዚህ ሁሉ ሐሰት የሆነ ነገር የለም። ሆኖም ስድስቱ ዓረፍተ ነገሮች ተሰበሰቡ እንጂ አልተዋሐዱም፤ የኋለኛውን ወደ ፊት፣ የፊተኛውን ወደ ኋላ ብናደርገው የሚፈርስ ነገር አይኖርም፤ ጉድለቱም የሚታወቀው በዚህ ነው።

እንግዲህ ከስድስቱ አንዱን ሐሳብ መርጠን እናቃናው፦ «የጣና ደሴቶች የታሪክ ግምጃ ቤት ናቸው። ውሃው ከየብሱ ስለ ለያቸው፣ በጦርነት ዘመን ንዋያተ ቅድሳትና የብራና መጻሕፍት ወደ እነርሱ ይሸሹ ነበር። ከእነዚሁ ደሴቶች በአንዱ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም እስከ ዛሬ ይገኛል። ስለዚህ የታሪክ መርማሪ በታንኳ ተሳፍሮ ወደ ደሴቶቹ መሻገሩ በከንቱ አይደለም።» የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነገሩን አስታወቀ፤ ሁለተኛው ምክንያቱን ተናገረ፤ ሦስተኛው ምስክር አመጣ፤ አራተኛውም ከሦስቱ የተገኘውን ፍሬ ሰጠ። ከእንግዲህ ቦታቸውን መለዋወጥ አይቻልም። ዐባይና ዓሣው የቀሩት ዋጋ ስለሌላቸው ሳይሆን፣ ስለ ሐይቁ ውሃና ስለ ነዋሪው ኑሮ የሚናገር ሌላ አንቀጽ ስለሚገባቸው ነው።

ዓረፍተ ነገሮቹን የሚያያይዙት ቃላት ጥንቃቄ ያሻቸዋል። «ስለዚህ» ያለ ምክንያት፣ «ነገር ግን» ያለ ተቃራኒ ሲገቡ፣ አንባቢ የሌለ ነገር ፍለጋ ይደክማል። ከዚህም የሚብስ አደጋ አለ፤ የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን በውስጡ ስለሚይዝ፣ ጸሐፊ የባለቤቱን ስም ትቶ ማለፍ ይቀልለዋል። «ንጉሡ መምህሩን አስጠርተው መጽሐፉን ሰጧቸው፤ ወደ ገዳሙም ሄዱ» ቢል፣ የሄዱት ንጉሡ ናቸው ወይስ መምህሩ? ወይስ ሁለቱም በአንድነት? የአክብሮቱና የብዙው አነጋገር አንድ ስለ ሆነ፣ «ሄዱ» የሚለው ቃል ሦስቱንም ይቀበላል። ባለቤቱ በተለወጠ ቁጥር ስሙን መጥራት እንግዲህ ድግግሞሽ ተብሎ አይነቀፍም።

ስለ ርዝመቱ የተወሰነ ሕግ የለም። ሐሳቡ በሦስት ዓረፍተ ነገር ከተፈጸመ አራተኛውን መጨመር ትርፍ ነው፤ አሥር ከጠየቀም በአምስተኛው ላይ መቁረጥ ነገሩን ማጉደል ነው። መመዘኛው ሌላ ነው፤ ጸሐፊው አንቀጹን ከጨረሰ በኋላ «ይህ ምን ይላል?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ፤ መልሱንም በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይስጥ። «ደግሞም» ሳይል መመለስ ካልተቻለው፣ በአንድ ስፍራ ሁለት አንቀጽ ጽፏልና ይለያያቸው። ጭራሽ መልስ ያጣ እንደ ሆነ ግን፣ ችግሩ የቃላት ምርጫ አይደለምና ቃላትን በመለዋወጥ አይቃናም፤ ብዕሩን አስቀምጦ ምን ለማለት እንደ ፈለገ አስቀድሞ መወሰን ይገባዋል።