መንገድ፥ እንግዳና ስፖርት በአንድ ሚኒስቴር ሥር

በአየርላንድ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2011 እስከ 2020 ዓ.ም. ድረስ የመጓጓዣ፥ የቱሪዝምና የስፖርት ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤት ነበር። ሦስቱ ሥራዎች በአንድ ሚኒስትር ሥር መዋላቸው ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ዳሩ ግን የአገሪቱን አቀማመጥ ለተመለከተ ምክንያቱ አይሰወርም። አየርላንድ በባሕር የተከበበች ደሴት ስለሆነች፥ ከሰሜን አየርላንድ በየብስ ከሚሻገረው በቀር ጐብኚ ሁሉ የሚገባባት በአውሮፕላን ወይም በመርከብ ነው። እንግዲህ የአየር ማረፊያው ጉዳይ የሆቴል ቤቱም ጉዳይ ይሆናል። በ2009 ዓ.ም. ከአገር በሚወጣው የአውሮፕላን መንገደኛ ላይ እስከ 10 ዩሮ የሚደርስ ቀረጥ ተጥሎ ነበር፤ አየር መንገዶች አጥብቀው ስለተቃወሙት በ2011 ዓ.ም. ወደ 3 ዩሮ ወረደ፥ በ2014 ዓ.ም. ጨርሶ ተሰረዘ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ2015 ዓ.ም. በደብሊን በኩል ወደ ሎስ አንጀለስ መብረር ጀምሮ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመው በ1959 ዓ.ም. የመጓጓዣና የኃይል ሚኒስቴር ተብሎ ሲሆን፥ የመጀመሪያው ሚኒስትር ኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ኤርስኪን ቺልደርስ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል።

ሚኒስቴሩ ራሱ አውቶቡስ አይነዳም፥ የኳስ ሜዳም አይጠርግም። ድርሻው መመሪያ ማውጣት፥ ሕግ ማርቀቅና የተመደበለትን በጀት ማከፋፈል ነው። አውቶቡሱና ባቡሩ የሲ.አይ.ኢ. የተባለው የመንግሥት ኩባንያ ሥራ ነው፤ የጉብኝትና የስፖርት ጉዳይም ለየራሳቸው ድርጅቶች ተሰጥቷል። የአካባቢ መንገዶችን የሚጠብቁት የየአውራጃው ምክር ቤቶች ሲሆኑ፥ ሚኒስቴሩ የገንዘብ ድጋፍ ያደርግላቸዋል።

የዚህ አሠራር ችግር የታየው በ2017 ዓ.ም. ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የክፍለ አገር አውቶቡስ ሠራተኞች ለሦስት ሳምንት ሥራ ሲያቆሙ፥ ሚኒስትሩ ሼን ሮስ ክርክሩ የኩባንያውና የሠራተኞቹ ነው በማለት ጣልቃ ለመግባት አልፈቀዱም። በሕግ ረገድ የሚያስነቅፍ ላይሆን ይችላል፤ ሐኪም ቤት ለመድረስ አውቶቡስ የሚጠብቅ የገጠር ሽማግሌ ግን ሚኒስቴሩንና ኩባንያውን ለይቶ እንዲያይ መጠበቅ ከባድ ነገር ነው።

የሦስቱ ሥራ አንድነት ፍሬ ምን ሊሆን እንደሚችል ለማየት በምዕራብ ወደሚገኘው ወደ ማዮ አውራጃ መመልከት ይበቃል። ከዌስትፖርት ከተማ እስከ አኪል ይሄድ የነበረው የባቡር ሐዲድ በ1937 ዓ.ም. ተዘግቶ መስመሩ ሣር በቅሎበት ይኖር ነበር። ይኸው መስመር ከመጓጓዣ ሚኒስቴርና ከአገር ጉብኝት ድርጅቱ በተገኘ ገንዘብ ተጠርጎ፥ በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. 42 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእግርና የብስክሌት መንገድ ሆነ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የመሬቱ ጉዳይ ነው፤ ባለርስቶቹ መሬታቸውን ሳይሸጡና መብታቸውን ሳይለቁ፥ በፈቃዳቸው ብቻ መንገደኛ እንዲያልፍ ተስማሙ። ለመንገድ ሥራ መሬት ሲፈለግ ስንት ዓመት በክርክር እንደሚያልፍ የሚያውቅ የአውራጃ ሹም ሁሉ የዚህን ዋጋ ይገምታል። መንገዱ ለነዋሪው ስፖርት፥ ለጐብኚው መስሕብ፥ ለብስክሌት አከራዩና ለምግብ ቤቱ ገበያ ሆነ።

በ2020 ዓ.ም. አዲስ መንግሥት ሲመሠረት ቱሪዝምና ስፖርት ባህልን ወደሚመራው ሚኒስቴር ተዛወሩ፤ በ2025 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱም እርስ በርሳቸው ተለያይተው፥ ቱሪዝም ከንግድና ከሥራ ጉዳይ ጋር፥ ስፖርት ከባህልና ከመገናኛ ጋር ተመደቡ። የብስክሌት መንገዶቹ በጀት ግን ከ2020ው ለውጥ በኋላም ከመጓጓዣ ሚኒስቴር አልወጣም።