የእኔና የእህቴ ሳንባ

ባለፈው ጥር ታላቅ እህቴን ልጠይቅ ከደብረ ማርቆስ ወደ ረቡዕ ገበያ ወጣሁ። መኪናው ካወረደኝ ቦታ እስከ ቤቷ ያለችው ዳገት አጭር ናት። እህቴ ልትቀበለኝ ወርዳ ስለነበር አብረን መውጣት ጀመርን። ሃያ እርምጃ ሳንሄድ ቆመችና ነጠላዋን አስተካከለች። ጥቂት ሄዳ ደግሞ ቆመችና ስለ ጎረቤት ክምር ታወራኝ ጀመር። በሦስተኛው ገባኝ። ነጠላዋም አልተጓደለ፣ ክምሩም ወሬ አልነበረውም፤ ትንፋሽ አጥሯት ነው።

«እታለም፣ ይህ ነገር ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነ?» አልኋት።

«እርጅና ነው፤ ደግሞ ብርዱ» አለችኝ።

እኔ ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እሷ የምትበልጠኝ በአምስት ዓመት ብቻ ነው። ያን ዳገት እኔ እያወራሁ እወጣዋለሁ። የአንድ እናት ልጆች ነን፤ ሁለታችንም ሲጋራ በአፋችን ዞሮ አያውቅም። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ከማድ ቤት ነው የመጣው። እኔ ትምህርት ቤት ስገባ እሷ እናታችንን እንድታግዝ ቀረች። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ጉልቻ ሥር ተቀምጣ ኩበት እየማገደች ጋግራለች፤ እኔ የበላሁት እንጀራ የእሷ ነው። እኔ የነርስነት ዲፕሎማዬን ይዤ ከተማ ስቀመጥና በኋላም የኤሌክትሪክ ምጣድ ስገዛ፣ እሷ ስድስት ልጆች አዝላ በዚያው ጭስ ውስጥ ኖረች።

ጭስም እንደ ኑሮ ነው

ሳንባ በማኅፀን ተጀምሮ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ያድጋል። ከዚያ በኋላ የሁላችንም ጉልበቱ ጥቂት በጥቂት ይቀንሳል። በጭስ ውስጥ ያደገ፣ በልጅነቱ በሳንባ ምች ደጋግሞ የታመመ፣ በደንብ ያልተመገበ ሰው ግን ጎተራው ሳይሞላ ነው ወጪ የሚጀምረው። በላዩ ላይ ጭሱ ከቀጠለ የአየር ቧንቧዎቹ ይቆስላሉ፣ ይጠባሉ፤ ተመልሰውም እንደ ድሮው አይከፈቱም። ሐኪሞች ሲኦፒዲ የሚሉት ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ይህ ነው።

ብዙ ሰው ይህን በሽታ የአጫሾች ብቻ አድርጎ ያየዋል። በአገራችን ሲጋራ የሚያጨሱ ሴቶች በጣም ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን ከአሥር ቤተሰብ ከዘጠኝ በላይ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ወይም በመሰል ማገዶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከሰባ ዓመት በታች ሆነው በሲኦፒዲ ከሚሞቱት ደግሞ ዘጠና በመቶ ያህሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

በእኛው አገር ውስጥም ጭሱ እኩል አይደርስም። አቅም ያለው ኤሌክትሪክ ያበራል። ቀጥሎ ያለው ደረቅ ግንድ ይገዛል። የሌለው እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ኩበት ይለቅማል፤ ከሁሉም የሚጨሰው ደግሞ እሱ ነው። ለልጆቿ ደብተር መግዣ አረቄ የምታወጣ እናት ከእንጀራው ጭስ ሌላ ቀኑን ሙሉ የአረቄው ጭስ አለባት። ወንዶቹም ቢሆኑ የወፍጮ ቤት ሠራተኛው ዱቄቱን፣ ድንጋይ ፈላጩ ብናኙን፣ ገበሬው የአውድማውን እብቅ ሲስቡ ይውላሉ። ደጋው ራሱ ሌላ ጫና ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ሰው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ወደ ጮቄ በወጣን ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ጤነኛ ሳንባ ይህን ይለምደዋል። የተጎዳ ሳንባ ግን የሚቆጥበው የለውም።

ያልጠየቅሁት ጥያቄ

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ስሠራ ሳል ይዟት የመጣችን ሴት «ሲጋራ ታጨሻለሽ?» ብዬ ጠይቄያለሁ፤ ቅጹ ላይ ነበራ። «ምን ታነጃለሽ? ማድ ቤትሽ መስኮት አለው?» ብዬ ግን አልጠየቅሁም። የሳል ሽሮፕ ሰጥቼ የላክኋቸው እናቶች ፊት አሁንም ይታየኛል። እህቴም በየክረምቱ «ብርድ ነው» እየተባለች ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ስትውጥ ኖራለች። አንድ ጊዜማ አክታዋ ሳይመረመር የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብላ መድኃኒት ጀምራ ነበር። እኔም ከተማ ሆኜ በስልክ «አይዞሽ» ከማለት በቀር አልመረመርኋትም።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ይዣት ደብረ ማርቆስ መጣሁ። አክታዋ ተመረመረ፤ ነቀርሳ የለባትም። ቀጥሎ ስፓይሮሜትር በተባለው የትንፋሽ መለኪያ ነፋች። የአየር ቧንቧዎቿ ጠበው ተገኙ። ሳልቡታሞል የሚባለው ፓፍ ታዘዘላት። የጤና መድን አባል ብትሆንም ፓፉ በተቋሙ መድኃኒት ቤት አልቆ ስለነበር ከውጭ ገዛሁላት። ነርስ እህት ለሌላት ሴትስ ማን ይገዛላታል? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

እንግዲህ ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ ከዚህ የምትወስዱት ይኑር። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈ አክታችሁን አስመርምሩ፤ የነቀርሳ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ነቀርሳ ካልሆነና ዳገት ስትወጡ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ ግን «እርጅና ነው» ብላችሁ አትመለሱ፤ የትንፋሽ መለኪያ ምርመራ የት እንደሚገኝ ጠይቁ። ነቀርሳ ታመው የዳኑም ሳንባቸው ጠባሳ ሊኖረው ስለሚችል ይህ እነሱንም ይመለከታል።

ፓፍ የታዘዘለት ሰው በደንብ ነቅንቆ፣ ትንፋሹን አውጥቶ፣ ሲስብ ተጭኖ፣ አሥር እስኪቆጥር ትንፋሹን ይያዝ። እጁና ትንፋሹ አልገጥም ላለው ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ይረዳል። መቀመጫው በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ ፓፉ ጥብቅ ተደርጎ ይሰካል፤ ከጠርሙሱ አፍ ይሳባል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1999 የኬፕ ታውን ሐኪሞች አስም ባለባቸው ልጆች ላይ ሞክረው፣ ከፋብሪካው ዕቃ የማይተናነስ ሆኖ እንዳገኙት ጽፈዋል።

ለማድ ቤቱም መላ አለው። ማገዶ ይድረቅ፤ ከእሳቱ በላይ ጭስ መውጫ ይከፈት፤ ሕፃን ታዝሎ አይጋገር። ምርት ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል፤ ጭሱን ጨርሶ ባያጠፋም ይቀንሰዋል። በክረምት ደግሞ ለአያት ይሞቃት ብላችሁ የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት አታስገቡ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ ተኝተው የቀሩ አሉ።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ወጡን አላውቅም፤ ሳንባን ግን ያተርፋል።

እህቴ ቤት ስንመለስ ምጣዱ ላይ የጠበቀችን የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጇ ነበረች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ታስላለች። ደብተሯ አክንባሎው አጠገብ ነበር። እህቴ ብዙ ዝም ብላ ስታያት ቆየችና ለልጇ «ይህች ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ትሂድ፤ አንተ ደግሞ ግድግዳውን ብሳልኝ» አለችው። በሳምንቱ መስኮት ተከፈተ፤ ምድጃውን እኔ ገዛሁ። እንጀራውን አሁን በየተራ ይጋግራሉ፤ ወንዱም ጭምር።

የእህቴ ሳንባ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ባለፈው ስሄድ ያችን ዳገት አሁንም ሁለት ጊዜ ቆመንባታል። ነገር ግን ነጠላዋን አላስተካከለችም። «ቆይኝ፣ ልተንፍስ» አለችኝ።