አማኝ ለማን ይመርጣል? በሃይማኖትና በድምፅ ዙሪያ ተረቱና እውነታው

ምርጫ በቀረበ ቁጥር አገሩን በሃይማኖት የሚሸነሽን ወሬ ይነሳል። ኦርቶዶክሱ ለእነእከሌ፣ ፕሮቴስታንቱ ለእነእከሌ፣ ሙስሊሙ ለእነእከሌ ይባላል። ከቀየት እስከ ጊሼ፣ ከመሐል ሜዳ እስከ መርሐቤቴ ያለው የሰሜን ሸዋ ሰውማ ማንም ሳይጠይቀው ተፈርዶለታል፤ ጾመኛ ነው፣ ታቦት አክባሪ ነው፣ ስለዚህ ለውጥ የሚል ፓርቲ አይመርጥም ይባላል። ይህን አነጋገር አጥብቄ የምቃወመው ስለሚያስቀይም ብቻ አይደለም። ስሕተት ስለሆነ ነው፤ ስሕተቱም በታሪክና በምርጫ ውጤት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ተረት፦ አንድ ሃይማኖት ያለው ሕዝብ አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጣል።

የ1999ኙን የሕዝብና ቤት ቆጠራ እንይ። ከትግራይ ሕዝብ 95.6 በመቶው፣ ከአዲስ አበባ ሕዝብ ደግሞ 74.7 በመቶው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ነበር። ከቆጠራው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 7 ቀን 1997፣ ይኸው ሕዝብ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄዶ ነበር። በትግራይ የነበሩት 38 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ ያኔ ገዥ ለነበረው ለኢሕአዴግ ሆኑ። በአዲስ አበባ የነበሩት 23ቱም በሙሉ ለተቃዋሚው ለቅንጅት ሆኑ። በሁለቱም ቦታ አብዛኛው መራጭ አንድ ቅዳሴ የሚያስቀድስ፣ አንድ ዓይነት ጾም የሚጾም ነው። ድምፁ ግን ፊትና ኋላ ሆነ።

ልዩነቱም የስም ብቻ አልነበረም። ኢሕአዴግ አብዮታዊ ዴሞክራሲን ይዞ መሬት በመንግሥትና በሕዝብ እጅ ይቆይ ይል ነበር፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 ያጸናው ይህንኑ ነው። ቅንጅት በበኩሉ ሊበራል ዴሞክራሲን ይዞ ገበሬው የመሬቱ ባለቤት ይሁን አለ። በቴሌቪዥን በቀጥታ በተላለፉት ክርክሮች ሕዝቡ የሰማው ይህን ነው፤ ስለ መሬት፣ ስለ ክልል አወቃቀር፣ ስለ ግል ባለሀብት። በቅንጅት አመራር ውስጥም ክርስቲያኑና እንደ አቶ በድሩ አደም ያለው ሙስሊም አብረው ታግለው አብረው ታስረዋል። የዚያ ዓመት የመጨረሻ ውጤት ለኢሕአዴግ 327፣ ለቅንጅት 109፣ ለሌላው ተቃዋሚ ለኅብረት 52 መቀመጫ ሰጠ። ውጤቱ ያስነሳው ውዝግብ የብዙ ሰው ሕይወት ቀጥፏል። ሆኖም የትግራይና የአዲስ አበባ ኦርቶዶክሳውያን የተለያየ መንገድ መያዛቸውን የካደ ወገን አልነበረም።

የሰኔ 14 ቀን 2013ን ምርጫም ብናነሳ ያው ነው። በአማራ ክልል ከሕዝቡ 82.5 በመቶው ኦርቶዶክስ መሆኑን ቆጠራው ያሳያል፤ የክልሉ አብዛኛው መቀመጫ የሄደው ግን መሪው ፕሮቴስታንት ለሆነው ለብልፅግና ነው። የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) በተወካዮች ምክር ቤት አምስት መቀመጫ አገኘ። ምርጫው በጸጥታ ችግር ውስጥ የተካሄደ፣ ትግራይም ያልተሳተፈችበት ስለነበር ከዚህ ብዙ መደምደሚያ ማውጣት አይገባም። ቢያንስ ግን መራጩ የእጩውን ወይም የመሪውን ሃይማኖት አይቶ ብቻ ድምፅ ይሰጣል የሚለውን አይደግፍም።

አንድ ነገር በጨረፍታ ልጥቀስ። የእኛ ምርጫ ቦርድ ድምፅ የሚቆጥረው በምርጫ ክልል እንጂ በሃይማኖት አይደለም። «ኦርቶዶክሱ ለእገሌ ሰጠ» የሚል ሰው የሚናገረው ከግምት ተነስቶ ነው።

ተረት፦ በእምነቱ አጥባቂ የሆነ በፖለቲካውም ወግ አጥባቂ ነው።

የዚህ ማፍረሻ መርሐቤቴ ውስጥ አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 በመርሐቤቴ ደን በተባለ ስፍራ ተወለዱ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስም በ1883 የተወለዱት እዚያው መርሐቤቴ፣ ማዳ ሚካኤል ነው። ሁለቱም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያሳደጋቸው፣ ሁለቱም እስከ ዕለተ ሞታቸው በተዋሕዶ እምነታቸው የጸኑ ናቸው። ኅሩይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ብዙ መጻሕፍትም ጻፉ። «አዲስ ዓለም» በተባለው ልብ ወለዳቸው የጉለሌን ወይም የፓሪስን ሰው ሳይሆን የተጉለትና ቡልጋን ልጅ፣ አወቀን፣ ባለታሪክ አድርገው አመጡ። አወቀ ፓሪስ ተምሮ ሲመለስ ከዘመዶቹ ጋር የሚጣላው በሰርግና በተዝካር ድግስ፣ ቤተሰብን ለዕዳ በሚዳርግ ወግ ነው። ኅሩይ ልማድ ይሻሻል ሲሉ ከእምነታቸው እየሸሹ አልነበረም፤ ለእምነታቸው በማሰብ ነው።

አቡነ ባስልዮስ በአንጻሩ የዘውዱ ታማኝ አባት ነበሩ። ታዲያ እሳቸውንም «ለውጥ የማይወዱ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከእስክንድርያ መንበር ሥር ወጥታ በራሷ ፓትርያርክ እንድትመራ የተደረገው ረጅም ጥረት በእሳቸው ሹመት በ1951 ተፈጸመ። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የቆየ ሥርዓት የለወጠ ሰው በምን ሚዛን ወግ አጥባቂ ይባላል? የአንድ ወረዳ ሁለት ልጆች፣ አንድ ሃይማኖት፣ ግን በየፊናቸው የተለያየ ለውጥ።

እነዚህን ሁለት ሰዎች ማስታወስ ለዛሬ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ከጾመኛ ቤት ለውጥ ፈላጊ እንደሚወጣ ረስተናል። የ1923ቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሰሜን ሸዋ ልጅ ናቸው። የባላባትን ሥርዓት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ገላልጠው ያሳዩት ሐዲስ ዓለማየሁ ዜማና ቅኔ ያጠኑ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነበሩ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነትን፣ መንግሥትና ሃይማኖት መለያየታቸውን ጠይቀው አዲስ አበባን በሰልፍ ሲያጥለቀልቁ፣ አብረዋቸው የተሰለፉ ክርስቲያኖች ነበሩ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ነበር፤ እነዚያ ክርስቲያኖች በራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ልዩ መብት ላይ ተሰለፉ ማለት ነው።

ወደ መንዝ ደጋ ከወጣን ደግሞ ጓሳ የተባለው የጋራ ሣር ምድር አለ። የጓሳን ሣር ማን፣ መቼ፣ ስንት ይጨድ የሚለውን ሕዝቡ አራት መቶ ዓመት ገደማ ራሱ ሲያስተዳድር ኖሯል፤ አለቆቹን የሚመርጡት ባለ መብቶቹ ነበሩ። ያ መብት ግን የአቅኚ አባቶች፣ የአስቦና የጌራ፣ ዘር ለሆኑት ብቻ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰና ጓሳን ለሌላውም ከፈተው። ቆይቶ ሕዝቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ፣ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መለሰው። በትውልድ የሚገኝ መብት ይበልጣል ወይስ የነዋሪ ሁሉ እኩልነት? ይህ የትም አገር ወግ አጥባቂንና ሊበራልን የሚለያይ ጥያቄ ነው፤ መንዝ ውስጥ የተነሳው በአንድ ሃይማኖት ሰዎች መካከል ነው።

ተረት፦ አባቶች ካወገዙ ምእመኑ ይከተላል።

በታኅሣሥ 1953 ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መንግሥት ለመገልበጥ ሲነሱ አቡነ ባስልዮስ ዐመፀኞቹን አወገዙ፤ ውግዘቱም በወረቀት ታትሞ ከአውሮፕላን ተበተነ። ግዝቱ ኃይል አልነበረውም አልልም፤ ብዙ ሰው አስደንግጧል። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች፣ አብዛኞቹ የክርስቲያን ልጆች፣ የሙከራውን ዓላማ ደግፈው ሰልፍ ወጥተው ነበር። በሚቀጥሉት ዓመታት «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡትም ከቄስና ከባላገር ቤት የመጡ ልጆች ይገኙባቸዋል። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ሰፊ መሬት ነበራት።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ከዓለም ሃይማኖቶች ሁሉ ምእመናኗ ለመሪ ታዛዥ ናቸው ተብሎ የሚነገርላት አንዷ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ሙሉ ስሟ የኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን ነው፣ መቀመጫዋም በአሜሪካ ዩታ ግዛት። በአዲስ አበባም ጥቂት አባላት አሏት። እ.ኤ.አ. በ1933 የአልኮል ክልከላ ሕግ ይሻር ወይስ ይጽና ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዝዳንት ሂበር ግራንት ሕጉ እንዳይሻር ተማጸኑ። ሞርሞን አልኮል አይጠጣም፤ የእምነቱ ትእዛዝ ነው። የዩታ መራጭ ግን ይሻር ብሎ ወሰነ፤ እንዲያውም ክልከላውን ለመሻር የሚያስፈልገውን ቁጥር የሞላችው 36ኛዋ ግዛት ዩታ ሆነች። ግራንት ፕሬዝዳንት ሩዝቬልትንም ይቃወሙ ነበር። ሩዝቬልት በዩታ አራት ጊዜ ተወዳድረው አራቱንም ጊዜ አሸነፉ። እነዚህ መራጮች ከቤተ ክርስቲያናቸው አልወጡም። በማግሥቱ እሑድ ተመልሰው እዚያው ነበሩ።

ተረት፦ ሞርሞን ሁሉ ሪፐብሊካን ነው፤ ሊበራል ሞርሞን የለም።

አብዛኛው ሪፐብሊካን መሆኑ እውነት ነው። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ባደረገው ጥናት 70 በመቶው ወደ ሪፐብሊካን፣ 19 በመቶው ወደ ዴሞክራት ያዘነብሉ ነበር። አሥራ ዘጠኝ በመቶ ግን ከአምስት ሰው አንድ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ሰባውን አይቶ ሁሉም ማለት አምስተኛውን ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ማስወጣት ነው።

በዩታ ሴቶች ድምፅ መስጠት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1870 ነው፤ አብዛኛው የአሜሪካ ሴት ገና ሃምሳ ዓመት ይጠብቃት ነበር። በ1896 ሐኪሟ ማርታ ሂዩዝ ካነን በዴሞክራት ስም ተወዳድራ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት የግዛት ሴናተር ሆነች፤ ከተሸነፉት ሪፐብሊካን እጩዎች አንዱ የገዛ ባሏ ነበር። አንድ ቤት፣ አንድ እምነት፣ ሁለት ፓርቲ! የእኛዋ ስንዱ ገብሩ ለፓርላማ ስትመረጥም፣ ሴት ለአደባባይ አትሆንም የሚለው ወግ ከሃይማኖት ጋር ተሸርቦ ይነገር በነበረበት ዘመን ነው። የመረጧት ሰዎች አማኞች ነበሩ።

በቅርቡ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ሚት ሮምኒ የሪፐብሊካን የፕሬዝዳንት እጩ በሆነ ጊዜ የሴኔቱ አብላጫ መሪና ዋነኛ ተቺው ዴሞክራቱ ሃሪ ሪድ ነበር። ሁለቱም ሞርሞን ነበሩ። ሮምኒ በዩታ ከመቶ ሰባ በላይ ድምፅ አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ ያው የዩታ ሕዝብ ለዶናልድ ትራምፕ 45 በመቶ ገደማ ብቻ ሰጠና በግል ለተወዳደረው ለኢቫን ማክመለን ከ21 በመቶ በላይ ለገሰ። በአራት ዓመት ውስጥ ሃይማኖቱ አልተቀየረም፤ የተቀየረው እጩው ነው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ሁልጊዜ ዳር ቆማለች ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ለማገድ በተደረገው ዘመቻ በግልጽ ተሰልፋለች፤ ያን ጊዜም የተቃወሟት የራሷ አባላት ነበሩ። በ2023 ግን የቤተ ክርስቲያኒቱ አመራር ለአሜሪካ አባላቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሳያጠኑ በልማድ ብቻ ለአንድ ፓርቲ መምረጥ ለዴሞክራሲ አደጋ ነው ሲል አስጠነቀቀ። የእኛ የሃይማኖት ተቋማትም ምርጫ ሲደርስ ይህን ያህል ግልጽ ቃል ለምእመናቸው ቢያሰሙ ደስ ባለኝ።

ተረት፦ በውጭ የሚኖረው ሐበሻ ስደተኛና ጥቁር ስለሆነ ዴሞክራት ነው፤ ወይም ጾመኛ ስለሆነ ሪፐብሊካን ነው።

ሁለቱም ሲነገር እሰማለሁ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ቨርጂንያ ውስጥ ለአገረ ገዥነት ምርጫ ሲደረግ፣ የአሜሪካ ኢትዮጵያውያን የሕዝብ ጉዳዮች ኮሚቴ ሪፐብሊካኑን ግሌን ያንግኪንን ደግፎ ቀሰቀሰ። ምክንያቱ ቅዳሴም ውርጃም አልነበረም። የባይደን መንግሥት በሰሜኑ ጦርነት ላይ የያዘው አቋምና ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል ለማስወጣት የነበረው ዕቅድ ነው፤ ውሳኔውም ይፋ የሆነው በዚያው በምርጫው ቀን ነበር። ቅስቀሳውን የተቀበለም፣ የጤና መድኅንና የስደተኛ ሕግ ይበልጥብኛል ብሎ በዴሞክራትነቱ የጸናም መራጭ እሑድ ጠዋት አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጎን ለጎን ይቆማል።

ተረት፦ ሃይማኖትና ፖለቲካ ስለተለያዩ አማኝ ስለ ፖለቲካ መናገር የለበትም።

ይህኛው ከሌሎቹ ተቃራኒ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ያው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 የሚለየው መንግሥትንና ሃይማኖትን ነው፤ መንግሥት በሃይማኖት፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገቡ ይላል። አማኙን ከዜግነቱ የሚለይ ቃል የለውም። አንቀጽ 38 ደግሞ 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ሁሉ በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግበት የመምረጥ መብት ሰጥቶታል። የቀየት ቄስም፣ የጊሼ ሼኽም፣ ሰንበት ተማሪዋም እጩውን ፊት ለፊት አቁመው ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ሰላም መጠየቅ ይችላሉ፤ ከዚያም ሚስጥር ክፍሉ ገብተው የፈለጉትን ምልክት ያደርጋሉ።