ድንጋዩን አትጣሉት

ሰሜን ዌልስ ውስጥ የድሮ የድንጋይ ቤት ያለው ሰው ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ቶሎ የሚታየው አዲስ ክዳን ማልበስ ነው። ወጥቼ ሳየው ግን አብዛኛውን ጊዜ የክዳኑ ድንጋይ ደህና ነው፤ ያለቀው ሚስማሩ ነው።

እዚህ አገር የድሮ ቤት ክዳን ስሌይት ነው፤ በንብርብሩ ተሰንጥቆ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ይዞ የሚወጣ ጠንካራ ድንጋይ። ቤቴስዳ አጠገብ ያለው የፔንሪን ካባ ሐምራዊ የሚያደላውን ስሌይት ዛሬም ያወጣል። የላንቤሪሱ ዲኖርዊክ ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ተዘግቶ አውደ ጥገናው ሙዚየም ሆኗል። ዩኔስኮም የአካባቢውን የስሌይት ካባዎች በ2021 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። የካባ ሠራተኞቹ ይኖሩባቸው በነበሩት ትንንሽ ቤቶች ላይ ያለው ድንጋይ ከመቶ ዓመት በላይ ዝናብ ወርዶበት ዛሬም ያገለግላል። የያዘው የብረት ሚስማር ግን ይዝጋል፣ አንገቱ ይቀጥናል፣ አንድ ቀን ይበጠሳል፤ ያኔ ድንጋዩ ይንሸራተታል።

የተንሸራተተው አንድ ሁለት ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ጫፉ መንጠቆ ያለው ረጅም ስስ ብረት ከሥር አስገብቼ የቀረውን ሚስማር እስባለሁ። የሚስማሩ ቦታ በላይኛው ድንጋይ ስለሚሸፈን መልሶ መምታት አይቻልም፤ ስለዚህ ጠባብ የመዳብ ወይም የእርሳስ ቁራጭ ከሥር መትቼ፣ ድንጋዩን ወደ ቦታው ገፍቼ ጫፉን እቆለምምበታለሁ። እንዲህ ያለው ቁራጭ ጣሪያው ላይ እዚህም እዚያም ሲበዛ ግን ሚስማሩ በሙሉ ማለቁን ያሳያል፤ ያኔ ሁሉም መውረድ አለበት።

ማውረዱን የማልቸኩልበት ሥራ አድርጌ ነው የምይዘው። ድንጋዩ በእጅ አንድ በአንድ ይነሣል፤ እዚያው መወጣጫው ላይ በጣቴ አንጓ መታ መታ እያደረግሁ አዳምጠዋለሁ። ገበያ ወጥቶ ጀበና የገዛ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል። ጠርዙ የተሰበረውንም አልጥለውም። በብዙ የድሮ ጣሪያዎች ትልልቁ ድንጋይ ከታች በአሸንዳው በኩል ይሰለፋል፤ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እያነሰ ይመጣል። ስለዚህ ተከርክሞ ያነሰው ድንጋይ ከፍ ባለው ረድፍ ቦታ ያገኛል። ወፍራሙን ከስሱ እለያለሁ፤ ወፍራሙ ከታች ይውላል። የጎደለውን በአዲስ ስሞላ አዲሱን ሁሉ በጓሮው በኩል እሰበስበዋለሁ፣ አሮጌው ፊት ለፊቱን ይይዛል።

መልሶ ሲለብስ እያንዳንዱ ድንጋይ በሁለት ረድፍ ዝቅ ያለውን ድንጋይ አናት መሸፈን አለበት። ጣሪያው ይበልጥ በተዘረጋ ቁጥር ድርቡም ይረዝማል። ሚስማሩ መዳብ ይሆናል። እንደ ቆርቆሮ ክዳን ተመትቶ እስኪጣበቅ አይመታም፤ ድንጋዩ በሚስማሩ ላይ ይንጠለጠላል እንጂ አይጨነቅም፣ ከተጨነቀ ይሰነጠቃል። ማገሩ በአዲስ ይተካል። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ በኖራ የተገነባ ስለሆነ በግድግዳው ጫፍ በኩልም ኖራ እንጂ ሲሚንቶ አልጠቀምም። የሌሊት ወፍ የሰፈረበት ጣሪያ ከሆነ ግን እነዚህን እንስሳት ሕጉ ስለሚጠብቃቸው ባለሙያ ሳያየው አንድ ድንጋይ እንኳ አይነሣም። አንዳንድ ባለቤት ይህን ሲሰማ ይበሳጫል፤ እኔ ግን ሥራውን ከማበላሸት መጠበቁን እመርጣለሁ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በአረፋ ስፕሬይ ከሥር የተጣበቀ ጣሪያ ነው። የሚያፈስ ጣሪያ በርካሽ ይድናል ተብሎ ይሸጣል። አረፋው አየር ያፍናል፣ እንጨቱ መበስበሱን ይሸፍናል። ክዳኑ በሚነሣበት ቀንም ድንጋዩ ከአረፋው አልላቀቅ ብሎ ይሰባበራል፤ ሌላ መቶ ዓመት ሊያገለግል የሚችል ስሌይት በቆሻሻ መኪና ተጭኖ ይሄዳል። እዚህ ብሪታንያ የድሮ ቤት ለመግዛት የምታስቡ ወገኖች፣ ከመፈረማችሁ በፊት ባትሪ ይዛችሁ ከኮርኒሱ በላይ ውጡና ክዳኑን ከሥር እዩት። አረፋ ካለበት ዋጋውን እንደገና ተነጋገሩ፤ አንዳንድ አበዳሪዎችም እንዲህ ባለ ቤት ላይ ብድር ለመስጠት ያንገራግራሉ።