ፔስሜከር ያለውን ሰው ትከሻው ሲያመው

ከወሎ ሰፈር ወደ ቦሌ፣ ወይም በኢትዮ ቻይና መንገድ ወደ ጎተራ የሚመላለስ ሰው በቀን ሁለት ሦስት ሕንፃ መግባቱ አይቀርም። በየበሩ ጥበቃው የእጅ መፈተሻውን ከደረት እስከ ወገብ ያሳልፋል። ፔስሜከር ያለው ሰው እዚህ ጋ «ደረቴ ውስጥ የልብ መሣሪያ አለ፣ በእጅዎ ይፈትሹኝ» ማለትን ይለምዳል። ይህችኑ ቃል ግን ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሲገባ በቀላሉ ይረሳታል፤ የመጣው ለአንገቱና ለትከሻው ነዋ። ለእኔ ግን የሕክምናው ሁሉ መጀመሪያ እሷ ናት።

የልብን ምት የሚጠብቀው ይህ መሣሪያ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም። አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል፣ ከትከሻ እስከ አንገት ሥር ከሚዘረጋው አጥንት ዝቅ ብሎ ከቆዳ ሥር ይቀበራል፤ ሽቦዎቹ በደም ሥር አልፈው ልብ ውስጥ ይገባሉ። መጀመሪያ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1958 ስዊድን ውስጥ፣ አርነ ላርሰን ለተባለ ሰው ነው። ላርሰን መሣሪያው ከሃያ ጊዜ በላይ እየተቀየረለት እስከ 2001 ኖረ። ፔስሜከር ያለው ሰው ረጅም ዕድሜ ሊኖር ስለሚችል፣ በዚያ ዕድሜ ውስጥ የአንገትና የትከሻ ሕመም ቢመጣበት የሚያስገርም አይደለም።

ከሕመሙ መነሻዎች እጅግ የሚያሳዝነኝ ፍርሃት የሚያመጣው ነው። ሐኪሙ ከተከላው በኋላ ለጥቂት ሳምንታት፣ ብዙ ቦታ ከ4 እስከ 6፣ ክርንዎን ከትከሻዎ በላይ አያንሡ፣ ከባድ ነገር አይሸከሙ ይላል። ሽቦዎቹ ልብ ውስጥ በደንብ እስኪይዙ ነው። ቤተሰብ ደግሞ በፍቅር ይጨምርበታል፤ እጁን አታንቀሳቅሱበት፣ ልብሱን አልብሱት ይባላል። ወሩ ሲያልፍ ክንዱ ከጎን ተጣብቆ፣ ትከሻው ደርቆ ይገኛል። ከትከሻ በታች ግን እጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሥራት አለበት፤ ፊት መታጠብ፣ እንጀራ መቁረስ፣ ቁልፍ መቆለፍ ይችላል። የተከለከለው 20 ሊትር የውሃ ጀሪካን ማንሣት ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ክልከላ አይደለምና የሚያግዝ ሰው አስቀድሞ ይታሰብ።

ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች ጨርሶ የማይሞከረው ሰውነትን በሞገድ የሚያሞቀው ዲያተርሚ ነው፤ አጭር ሞገድም ሆነ ማይክሮዌቭ። ጉልበቱ በሽቦው ተስቦ ጫፉ ላይ ያለውን ሥጋ ሊያቃጥል ይችላል፤ መሣሪያው ቢጠፋ እንኳ አደጋው አይቀርም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2002 ሰውነታቸው ውስጥ ሽቦ ስለተተከለ ሰዎች ያወጣው ማስጠንቀቂያ ይህንኑ ይላል። ቴንስና ሌሎች የኤሌክትሪክ ንዝረቶችን ፔስሜከሩ የልብ ምት መስለውት ሊሳሳት፣ ልቡም የሚያስፈልገውን ምት ሊያጣ ይችላል። የልብ ሐኪሙ ሳይፈቅድና ክትትል ሳይኖር አንገትና ትከሻ ላይ አይለጠፉም። አልትራሳውንድ በመሣሪያው ላይና አጠገቡ አይደረግም። ማግኔት ያለበት ሕክምናም ይቅር። ከውጭ የመጣ ዘመድ ከሻንጣው የሚያወጣው፣ አንገት ላይ የሚጠለቅ የማሳጅ መሣሪያም ማግኔት ወይም የኤሌክትሪክ ንዝረት ካለው ለሌላ የቤተሰብ አባል ይሁን።

ታዲያ ምን ይቀራል? ብዙ። እንዲያውም ዋናው የሚቀረው ነው። በፎጣ የተጠቀለለ ለብ ያለ ውሃ መያዣ ከመሣሪያው ርቆ ማጅራትና የትከሻ ጀርባ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። በሠለጠነ ሰው እጅ፣ የተተከለበትን ቦታ ሳይነኩ፣ የጠጠረውን ጡንቻ ማሸትም እንዲሁ። ወጌሻ ዘንድ መሄድ የለመደ ሰው ግን አንገት የሚቆለመምበትን አሠራር ይተው፤ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ኃይለኛ መታሸት ብቻውን ደም ሊያቋጥር ይችላል።

ከሁሉ የማምነው እንቅስቃሴውን ነው። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አገጭን ወደ ኋላ መሳብ፤ ሁለቱን የትከሻ ብራኳዎች ከኋላ ማቀራረብና መልቀቅ፤ ጎንበስ ብሎ ክንድን እንደ ፔንዱለም ማወዛወዝ። ሐኪሙ የክልከላው ጊዜ አለፈ ሲል ደግሞ ግድግዳ ፊት ቆሞ በጣቶች ቀስ እያሉ ወደ ላይ መውጣት። ገንዘብ አይጠይቅም፤ በየቀኑ መደረግን ግን ይፈልጋል። ስልክ ላይ አቀርቅሮ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው የመጀመሪያውን እዚያው ቆሞ ሊሠራው ይችላል። ስልኩ ግን ደረት ኪስ ውስጥ አይግባ፤ ከመሣሪያው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው የመሣሪያውን ካርድ፣ የተተከለበትን ቀንና የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ነው። አንዳንዱ ሕመም ደግሞ ለእሱ አይደለም። የተተከለበት ቦታ ቢቀላ፣ ቢሞቅ ወይም ፈሳሽ ቢያወጣ፤ ክንዱ በሙሉ ቢያብጥ፤ ሕመሙ ዳገት ሲወጡ መጥቶ ሲያርፉ የሚለቅ ቢሆን፤ ራስ ቢያዞር ወይም ሰውየው ቢወድቅ፤ የማያቆም ስቅታ ቢይዘው፣ መንገዱ በዚያው ቀን ወደ ልብ ሐኪም ነው። ስቅታው ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን ሽቦው ከቦታው ተንሸራቶ ድያፍራሙን እየነዘረ ሊሆን ይችላል።