የመረጃ መተንተኛ መተግበሪያዎችን ወደ ክላውድ ስለ ማዛወር

በብዙ ድርጅቶች የመረጃ ትንተና ሥራ የሚጀመረው በአንድ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለሙያው ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ባዘጋጁት «አር» በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ፕሮግራም ይጽፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው «ሻይኒ» አማካይነትም ያንኑ ፕሮግራም ወደ ድረ ገጽ ይለውጠዋል። ከዚያ ወዲያ የሽያጭ ኃላፊው ቅርንጫፍና ወር መርጦ ሠንጠረዡን ራሱ ያያል። ይህን ሁሉ የሚያስተናግደው ግን ብዙ ጊዜ በቢሮው ጥግ የተቀመጠ አንድ ኮምፒዩተር ነው። መብራት እስኪጠፋ ወይም የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ሥራ እስኪለቅ ድረስ ስለ እርሱ የሚጠይቅ አይኖርም።

ወደ ክላውድ ማዛወር ማለት መተግበሪያውን አገልግሎት ሰጪ ኩባንያ በሚያስተዳድራቸው ኮምፒዩተሮች ላይ ማኖር ነው። የመሣሪያው፣ የኤሌክትሪኩና የስርዓተ ክወናው ጥገና ሐሳብ የአገልግሎት ሰጪው ሲሆን፣ ድርጅቱ የሚያቀርበው ፕሮግራሙንና መረጃውን ነው። እንዲህ ሲነገር ነገሩ ዕቃን ከቤት ወደ ቤት እንደ ማጓጓዝ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ አይደለም።

በጠረጴዛ ላይ ያለ እንከን ሲሠራ የኖረ ፕሮግራም በአዲሱ ቦታ አልነሣም ሊል ይችላል። የሚገለገልባቸው ፓኬጆች እትም በሁለቱ ቦታዎች የተለያየ ከሆነ ይህ ይደርሳል፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ፓኬጅ እትም አስቀድሞ በዝርዝር መመዝገብ አለበት። ይህ ስሕተት ቢያንስ ራሱን ያሳውቃል። የሚያሰጋው ዝም የሚለው ነው። ይኸውም በብዙዎቹ አገልግሎቶች መተግበሪያው የሚሠራበት ዲስክ ጊዜያዊ በመሆኑ፣ መተግበሪያው እንደገና ሲነሣ በዲስኩ ላይ የጻፈው ሁሉ ይጠፋል። «ሄሮኩ» በተባለው አገልግሎት ይህ ዳግም መነሣት ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ ይፈጸማል። አንድ ሠራተኛ ሰኞ የመዘገበው ቁጥር ማክሰኞ ባይገኝ፣ የስሕተት ማስታወቂያ የሚባል ነገር አይታይም። በመሆኑም የሚመዘገብ መረጃ ከመተግበሪያው ውጭ በተለየ የመረጃ ቋት መቀመጥ ይኖርበታል።

የዕቅድ ባለሙያዎች ደግሞ ወጪው መልኩን እንደሚለውጥ ማስተዋል ይገባቸዋል። ኮምፒዩተር አንድ ጊዜ በካፒታል በጀት ይገዛል፤ የክላውድ ኪራይ ግን በየወሩ ከመደበኛ በጀት የሚወጣ ነው። በነጻ አገልግሎት መተማመንም አያዋጣም፤ ሄሮኩ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2022 ነጻ አገልግሎቱን ሲያቋርጥ ተጠቃሚዎቹ ወይ መክፈል ወይ መልቀቅ ግድ ሆኖባቸዋል። የደንበኞች ወይም የተማሪዎች ስም የያዘ መረጃ ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ በየትኛው አገር እንደሚገኝ ውሉ ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ አለበት፤ በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና።

አሮጌው ኮምፒዩተር ወዲያው ባይዘጋ ይመረጣል። ሁለቱ ጎን ለጎን አንድ ሙሉ ወር ሠርተው ሪፖርታቸው በየመስመሩ ይነጻጸር። ድምሩ ጥቂት ቢለያይ በቅድሚያ ሰዓቱን መመልከት ይበጃል። የክላውድ ኮምፒዩተሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚከተሉት ከኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀረውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ በወሩ መጀመሪያ ዕለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተመዘገበ ሽያጭ በአዲሱ ሪፖርት ባለፈው ወር ገብቶ ይገኛል።